ሩቅ የሚኖር ቀድሞ ይሙት

የእኛ የቴአትር ቡድን አንድ ሕግ አለው። ሩቅ ሰፈር የሚኖር ተዋናይ በመጀመሪያው ገቢር ይሞታል። መካከለኛ ቦታ የሚኖር እስከ ሦስተኛው ገቢር ይቆያል። ከመድረኩ አጠገብ የሚኖር ደግሞ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፤ ዙፋን ይወርሳል፣ ያገባል፣ መሞት ካለበትም የሚሞተው መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ነው። ይኼን ለሰው ሳወራ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ከማወራው ግማሹን ራሴ የምጨምርበት ሰው ስለሆንኩ አልፈርድባቸውም። ይኼኛው ላይ ግን ምንም አልጨመርኩም።

ቡድኑን የምንመራው ሦስት ሰዎች ነን። መሥራቹና አዘጋጁ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። የየካ ግማሽ ሕዝብ እሳቸው ዘንድ ተምሯል፤ ሌላው ግማሽ እሳቸው ዘንድ ተንበርክኳል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ የመድረክ ሥራ አስኪያጃችን እትዬ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ሆና ስለሠራች መድረክ ላይ እንዴት እንደሚሞት የምታስተምረን እሷ ናት። «ሰው ሲሞት እንዲህ አይወራጭም! አንተ የምትሞት ነህ ወይስ አውቶቡስ የምታስቆም?» ትላለች። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ምክትል። ቀን ቀን ቀለምና ምስማር እሸጣለሁ። በቡድኑ ውስጥ ምን እንደምመራ እስከ ዛሬ በግልጽ የነገረኝ የለም፤ ግን ስብሰባ ላይ ወንበሬ ከፊት ነው።

የምንሠራው የአንድ ሰው ተውኔቶችን ብቻ ነው፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሞተውን የዚያን እንግሊዛዊ። ስሙን ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ስለሚያውቀው እኛ «ሰውዬው» ብቻ እንለዋለን። ጋሼ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፣ እኛ እናጠናዋለን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድሮ የቀበሌ አዳራሽ በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እናሳያለን። ነገሥታታችን የሚለብሱት የምረቃ ካባ ነው። ስለዚህ አንድ ንጉሥ ሲገደል ተመልካቹ ዲግሪ ያለው ሰው የሞተ ያህል ያዝናል።

ሕጉ የመጣው ካራ በሚኖር አንድ አናጢ ምክንያት ነው። ጎራዴ ሲይዝ የሚያስፈራ ተዋናይ ነበር። በመጨረሻው ገቢር ከጋሼ ጋር ተፋልሞ መሞት ነበረበት። ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሳችንን ድምፅ መስማት አቅቶን ዘግይተን ጀመርን። በሦስተኛው ገቢር፣ ግብዣው ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ አናጢው በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። እየመሸ ነው። ብድግ አለና ደረቱን ያዘ፤ «ወይኔ ልቤ!» ብሎ ተዘረረ። እንዲህ የሚል ቃል በተውኔቱ ውስጥ የለም። አሽከሮቹ ደንግጠው ወደ መጋረጃው ጀርባ ተሸክመውት ገቡ። እትዬ የምሩን መስሏት የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ስትሮጥ፣ ሬሳው ጫማውን አድርጎ በጓሮ በር ወጥቷል። በኋላ ሲጠየቅ «ከዚያ ሰዓት በኋላ የካራ ታክሲ ታመጡልኝ ነበር?» አለ። በመጨረሻው ገቢር ጋሼ ብቻቸውን ከአየር ጋር ተፋለሙ፤ አሸነፉም። ተመልካቹ የሟቹ መንፈስ የመጣ መስሎት በታሪካችን ተጨብጭቦ የማያውቅ ጭብጨባ አጨበጨበ።

በማግስቱ ጋሼ ሰበሰቡንና «ተዋናይን ከታክሲ ጋር አናጣላም። ሰውዬው እንደሆነ በየገቢሩ ሰው ይገድላል። እኛ ተራውን ብቻ እናስተካክል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ተውኔት በጀመርን ቁጥር እትዬ መድረኩ ጫፍ ላይ ትቆምና እያንዳንዳችንን የት እንደምንኖር ትጠይቃለች። መኖሪያችንን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ወግ ነው። ተመልካቹም ሕጉን ለምዶታል። አንዱ ተዋናይ ገና ብቅ ሲል «ይሄ አባዶ ነው፣ አትልመዱት» ይባባላል። ከሁሉ የምታሳዝነው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ጸጉር ሠሪ ናት። በቡድናችን ከእሷ የተሻለ ድምፅ ያለው ሰው የለም፤ ጋሼን ካልቆጠርን። ግን ከመጀመሪያው ገቢር አልፋ አታውቅም። በመርዝ ሞታለች፣ በትራስ ታፍናለች፣ ከግንብ ወድቃለች። «ሁለተኛው ገቢር እንዴት ነው? ሰው ሁሉ ደስ ይላል ይላል» ትለን ነበር።

ጋሼ ግን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ይኖራሉ። ቤታቸው ከአዳራሹ ጀርባ ነበር፤ ሲያስነጥሱ እንሰማለን። ባለቤታቸው፣ እማማ የምንላቸው፣ ጉልበታቸውን ቢታመሙም ያቺን ጥቂት እርምጃ እያነከሱ መጥተው የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ድምፁ ያነሰን ተዋናይ «ጮክ በል እንጂ፣ ምን ያንሾካሹክሃል!» ይላሉ፤ ሚስጥር የሚነገርበት ትዕይንት ቢሆንም። ጋሼ ሞተው መጋረጃው እንደተዘጋ ደግሞ ጋቢ ይዘው ይመጣሉ። ሲሚንቶው ብርድ ነው።

ጋሼ ለዓመታት ያቆዩት አንድ ተውኔት ነበር። ሁሉን ነገር አጥቶ በመጨረሻዋ ደቂቃ ስለሚሞት አንድ ሽማግሌ ንጉሥ ነው። ተርጉመው ከጨረሱት ቆይተዋል። «ይሠራ» ስንላቸው «ለዚህ ንጉሥ ሽበት አይበቃም፣ ዕድሜ ያስፈልጋል» ይሉናል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን እንጦጦ ይዘውን ወጡ። ድምፃችንን የምናሠለጥነው እዚያ ነው፤ ባሕር ዛፉ መሐል ያለ አንድ ሸለቆ አለ፤ ግማሻችን ወዲህ፣ ግማሻችን ወዲያ እንቆምና ቃለ ተውኔታችንን እየተጯጯህን እንለዋወጣለን። ድምፁ ያልተሻገረለት አዳራሽ አይገባም። የጋሼ ድምፅ ድሮ ሸለቆውን አልፎ ሱሉልታ ላይ ከብት ያስደነግጥ ነበር። ያን ቀን እኛ ጋ ሲደርስ ትንሽ ሳሳ። ጋሼም ሰሙት። ወደ እኛ ዞረው መጡና «ዘንድሮ ይሻገራል፤ ለከርሞ እንጃ። ንጉሡን አሁን ነው መሥራት» አሉ።

በሳምንቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። እትዬ ቦታዋን ያዘች።

«አንተ?»

«ኮተቤ።»

«ሦስተኛ ገቢር። አንቺ?»

«አባዶ» አለች ጸጉር ሠሪዋ። «እያወቅሽው ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ምናልባት አግብተሽ ሰፈር ቀይረሽ እንደሆን ብዬ ነው። አንደኛ ገቢር። ምክትል?»

«የካ፣ ከዳገቱ ሥር» አልኩ። «ከአልጋዬ ሆኜ አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሚያንኮራፋ እለያለሁ።»

«እስከ መጨረሻው። ጋሼ?»

ጋሼ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተው አያውቁም፤ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ቤታቸው ይጠቁማሉ፣ እኛ እንስቃለን፣ አለቀ። ያን ቀን ጣታቸው አልተነሣም።

«አባዶ» አሉ።

ሰፈራቸው ለልማት እንደተፈለገ እናውቃለን። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ረድፍ ሲፈርስም አይተናል። ጋሼ ግን አንድም ቀን አርፍደው ስለማያውቁ እዚያው አጠገብ ኪራይ የገቡ መስሎን ነበር። ለካ ጋሼ ምትክ ቤት ደርሷቸው፣ በጠዋት ከአባዶ ሚኒባስ ተጋፍተው፣ መገናኛ ወርደው፣ እንደገና ተሳፍረው፣ ከሁላችን በፊት በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ኖሯል።

«አባዶ የት?» አለች እትዬ።

«አራተኛ ፎቅ።»

«ጋሼ፣ እንኳን ወደ ሟቾች ማኅበር በደህና መጡ!» አለች ጸጉር ሠሪዋ። ከእሳቸው በቀር የሳቀ የለም።

«ቀጥዪ እንጂ» አሉ ጋሼ እትዬን። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለቤተሰብ በምትናገርበት ድምፅ «አንደኛ ገቢር» አለች።

ጋሼ በመጀመሪያው ገቢር የሚሞት የአንድ መልእክተኛ ቦታ ደረሳቸው። መልእክቱን እንኳን ሳይጨርስ ነው የሚወጉት። ንጉሡ ደግሞ ለማን ይድረስ? ለአዳራሹ ቅርብ ለሆነ፣ ሽበት ላለው ሰው። እኔ ነኛ!

መቼም አልዋሽም፤ ደስ ብሎኛል። የዚያኑ ዕለት ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ለደንበኞቼ ነገርኩ፣ አንድ ኪሎ ምስማር ሊገዛ ለመጣ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር ነገርኩ። ሰፈሩ «ንጉሥ ሆይ፣ ሲሚንቶ ገብቷል?» እያለ ያልፈኝ ጀመር። ችግሩ ልምምዱ ላይ ነው። እኔ ሳለቅስ ሰው ይስቃል። ፊቴ እንዲህ ነው የተሠራው። ንጉሡ ልጁን አጥቶ የሚጮህበት ትዕይንት ላይ ጮህኩ፤ መጋረጃ የሚስበው ሰውዬ በሳቅ ተንፈራፍሮ ገመዱን ለቀቀው።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ንጉሥ ነህኮ» ይሉኛል። «ዕቃ አልጎደለብህም። ልጅ ነው የሞተብህ።»

«ጋሼ፣ አንዴ እርስዎ ያሳዩኝ።»

ይነሡና አንዲቷን ቃል ይላሉ። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከዚያ ሰዓታቸውን ያዩና ኮፍያቸውን ያነሣሉ፤ መገናኛ ሰልፉ ሳይረዝም መድረስ አለባቸው።

ያልሞከርነው የለም። «እኛ ቤት ይደሩ» አልኳቸው። እማማን ብቻቸውን ጥለው አያድሩም፤ እማማ አባዶ ከገቡ ወዲህ በዚያ ደረጃ አንድም ጊዜ ወርደው አያውቁም። «እሑድ እሑድ የጥሪ ታክሲ ይያዝልዎት» አለች እትዬ። «ለእኔ ከተያዘ አባዶና ካራ ላሉት ሁሉ ይያዝ» አሉ ጋሼ። «እነሱ ስንት ዓመት ሲሞቱ ማን መኪና አቆመላቸው?» «ለዚህ ተውኔት ብቻ ሕጉ ይነሣ» አልን። «አዘጋጁ ሩቅ ሲሄድ የሚነሣ ሕግ ሕግ አይደለም» አሉ። አስተማሪ አይለቅህም፤ ጡረታ ወጥቶም ያርምሃል።

አንድ ቀን ጸጉር ሠሪዋ ከሞተችበት ወለል ላይ ሳትነሣ፣ በጀርባዋ እንደተኛች፣ «ለምን ጋሼን ታመላልሳላችሁ?» አለች። «ተውኔቱ ለምን አባዶ አይመጣም? እኛ ብሎኮች መሐል ሜዳ አለ። ወንበር አያስፈልግም፤ በረንዳ አለ። ሕጉም አይነካም። እዚያ ሩቅ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።»

 የቡድኑን ነገር የምንወስነው ሦስታችን ነን። ጋሼ «የራሴ ጉዳይ ስለሆነ ድምፅ አልሰጥም» ብለው ወጡ። እትዬ አይሆንም አለች። እኔ ቀረሁ።

እትዬና እኔ ካልተስማማን ደግሞ የሚፈርደው ሸለቆው ነው። ይኼም የጋሼ ሥርዓት ነው፤ የተጣሉ ሰዎች እንጦጦ ይወጡና አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ቆመው ይከራከራሉ። እዚያ ሆነህ ማንሾካሾክ አትችልም፣ የሰው ቃል መቁረጥ አትችልም፣ ያላሰብከውን ነገር ደግሞ ያን ያህል ጮኸህ ለመናገር ሳንባህ አይፈቅድልህም። ጠዋት ወጣን። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን እንደምል አልወሰንኩም ነበር። ዳገቱን ስንወጣ የንጉሡን ንግግር በልቤ እያልኩ ነበር የምሄደው፤ አምሮብኛልም።

«አዳራሹን ለአንድ ወር ብንለቀው ሌላ ሰው ይይዘዋል!» ብላ እትዬ ከማዶ ጀመረች።

«ማን ይይዘዋል? ጣሪያው ያፈሳል!»

«መጋረጃዬንስ የት ልሰቅለው ነው?»

«የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ!»

«የየካ ተመልካችስ?»

«ታክሲ ይያዝ! የአባዶ ሰው እስከ ዛሬ ሲመጣ ኖሯል!»

 ከዚያ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ንጉሡን ትፈልገዋለህ ወይስ አትፈልገውም?»

«እፈልገዋለሁ!»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

እዚህ ላይ ጥሩ ነገር ልናገር አስቤ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ይኼ ነው፤ «እኔ ስጫወተው ሰው ይስቃል! እሳቸው ሲሉት መጋረጃ ሳቢው እንኳን ዝም ይላል! ድምፃቸው ደግሞ ለከርሞ አይሻገርም!»

«አንተስ?»

«እሞታለሁ!» አልኩ ባለ በሌለ ኃይሌ። «በመጀመሪያው ገቢር እሞታለሁ!»

እንጦጦ ላይ ጠዋት ጠዋት ሯጮች አይጠፉም። ቱታ የለበሰ አንድ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመና አየኝ፤ ከዚያ ማዶ ወዳለችው እትዬ ዞሮ «እናቴ፣ ኧረ እሺ ይበሉት! ሰውዬው ሊሞት ነው!» ብሎ ለመነልኝ። እትዬ ግንድ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጉዳዩ በዚያው አለቀ።

አባዶ ላይ እንደገና ተሰለፍን። ሁሉም ነገር በወጉ መሆን ስላለበት እትዬ ሜዳው መሐል ቆማ እንደገና ጠየቀች።

«አንቺ?»

«ያው ብሎክ!» አለች ጸጉር ሠሪዋ እየዘለለች።

«እስከ መጨረሻው። ጋሼ?»

ጋሼ አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ጠቆሙ። እማማ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። መድረኩን ሆን ብለን ከእሳቸው ሥር ነው ያደረግነው።

«ምክትል?»

«የካ፣ ከዳገቱ ሥር።»

«ውይ፣ ሩቅ ነው» አለች እትዬ። «አንደኛ ገቢር።»

መልእክተኛው ሆንኩ።

የመጀመሪያው እሑድ በየበረንዳው የነበረው ሕዝብ፣ እንደ እኔ ቆጠራ ከሆነ፣ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህላል። ልብስ ያሰጡ ሴቶች እንዳይጋርዳቸው አንሶላቸውን እየሰበሰቡ አዩን። ወጣሁ፣ «ጌታዬ ሆይ፣ ከጠረፍ የመጣሁት…» አልኩ፣ ተወጋሁ፣ ሞትኩ። «ጮክ በል እንጂ!» አሉኝ እማማ ከላይ፤ ከሞትኩ በኋላ። ሬሳዬን አነሡት። ካባዬን ለእትዬ አስረክቤ፣ ሕጉ በሚለው መሠረት፣ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሄድኩ። እትዬ ዕቃው ስላለባት በእንግድነት ጸጉር ሠሪዋ ዘንድ ልታድር ነው።

እሑድ ከሰዓት የአባዶን ሰልፍ የማያውቅ ሰው ሰልፍ አያውቅም። እንደ እባብ ሁለት ብሎክ ዞሮ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገቢር ሲያልፉ ቆሜ ነው። ተራዬ ደርሶ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል ስቀመጥ ጀንበሯ ልትጠልቅ ነው፤ የቀረው የመጨረሻው ገቢር ነው። ያን ጊዜ የጋሼ ድምፅ ከሕንፃዎቹ በላይ ተሻግሮ መጣ። ንጉሡ ልጁን የሚጣራበት ቦታ ነው። አንድም ቃል አልሳሳም። ሰልፉ ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ስልኳን ከጆሮዋ አወረደች።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው መገናኛ!» ይላል ረዳቱ። ሰልፉ አልቆ ከኋላችን የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አብረው የመጡ ስለሆኑ አንለያይም ብለዋል። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። «ሂድ እንጂ፣ መንገድ ላይ ትጭናለህ!» ይሉታል። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታክሲ እንዳይሞላ ጸለይኩ።

«ቆይ ይሙላ!» አልኩ። «ሕግ ነው!»

«አባቴ ደግሞ ምን ሆኑ? እስከ አሁን የት ነበሩ?» አለኝ አንዱ።

«ሞቼ ነበር» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።

ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ቆመ።  እኔ ያቺን የመጨረሻ ቃል በቃሌ አውቃታለሁ፤ ስለዚህ መቼ እንደሞቱ አወቅሁ። ከዚያ ከየበረንዳው ጭብጨባ ወረደ፤ እልልታም አለበት፣ ሞት ላይ እንዴት እልል እንደሚባል የሚያውቅ አባዶ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ አንዲት ወጣት እየሮጠች መጣችና የቀረችውን ቦታ ያዘች። ዓይኗ ቀልቷል። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ ተነሣን።

«ምንድን ነው እዚያ ጫጫታው?» አላት ረዳቱ።

«ሽማግሌው ሞተ» አለች።

«ነፍስ ይማር!»

«ኧረ ቴአትር ነው! ደግሞ ሞቶ መሬት ላይ እንደተዘረረ አንዲት እናት ከአራተኛ ፎቅ ‹ብርድ ነው!› ብለው ጋቢ ወረወሩለት። ደረቱ ላይ አረፈ።»

«እና ምን ሆነ?» አልኩ እኔ። መያዣውን ጨብጬ ነበር።

«እና ሬሳው እጁን አውጥቶ ጋቢውን ለበሰዋ! እስከ አንገቱ! ከዚያ ተመልሶ ሞተ።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እኔ ጋ ሲደርስ «እሑድ እሑድ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቃት፤ መልሱን ግን እኔ ሰጠሁት።

«እሑድ እሑድ ነው» አልኩት። «በጊዜ ከመጣህ እኔንም ታየኛለህ።»